ልጆቹ ባልተማሩበት መጽሐፍ አልወደቁም

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከስልክ ስልክ እየዞረ ነው። እኔ ዘንድ በወላጆች ግሩፕም፣ በመምህራን ግሩፕም፣ በዘመድም በኩል ደርሷል። ሐሳቡ ባጭሩ «አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ይሰረዝ» ነው። ጸሐፊውን በግል አላውቃቸውም። በቁጭት እንደጻፉት ግን ያስታውቃል። ቁጭታቸው የእኔም ነው። ሁለተኛ ደረጃ ሒሳብ አስተማሪ ነኝ፤ የሚሉትን ችግር በየቀኑ አየዋለሁ። መደምደሚያቸውን ግን አልቀበለውም።

ጽሑፉን ላላነበበ ሰው ፍሬ ነገሩን ላስቀምጥ። ጸሐፊው የ12ኛ ክፍል ውጤት አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ለመክሸፉ ማስረጃ ነው ይላሉ። በንጉሡም በደርግም ጊዜ ትምህርታችን የተሻለ ስለነበር ወደዚያው እንመለስ ይላሉ። እንግሊዝኛችንን የገደለው በአፍ መፍቻ ቋንቋ መማር ስለሆነ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ሁሉም ነገር በእንግሊዝኛ ይሁን ይላሉ። የትምህርት ዓይነቱ በዝቷል፤ ግብረ ገቡ፣ ሥዕሉ፣ ሙዚቃው፣ ስፖርቱና የሙያ ትምህርቱ ወጥቶ ሒሳብ፣ ሳይንስና እንግሊዝኛ ብቻ ይቅር ይላሉ። በመጨረሻም፣ የራሳችንን ማዘጋጀት ካቃተን የፊንላንድን እንዳለ እንውሰድ ይላሉ። ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። ሐሳባቸውን አላጣመምኩም ብዬ አምናለሁ።

በውጤቱ ልጀምር፤ ጽሑፉ የቆመው እሱ ላይ ነውና።

ቁጥሩ ትክክል ነው። የ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ወደ 900 ሺህ ይጠጋሉ። ከነዚህ ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 30 ሺህ ገደማ፣ ማለትም 3.3 በመቶ ናቸው። በ2015 ውጤቱ 3.2 በመቶ ሆነ። በ2016 5.4፣ በ2017 ደግሞ 8.4 በመቶ። ያስደነግጣል። ውጤቱ በወጣ ሰሞን ተማሪዎቼን ቀና ብሎ ማየት ይከብደኛል።

ግን እነዚህ ልጆች በየትኛው መጽሐፍ ነው የተማሩት? በ2014 12ኛ ክፍል የነበረ ልጅ አንደኛ ክፍል የገባው በ2003 ነው። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት በተመረጡ ትምህርት ቤቶች መሞከር የጀመረው በ2014 ነው። በስፋት የገባው ከ2015 ወዲህ ነው። ስለዚህ ያ ልጅ አሥራ ሁለቱንም ዓመት በቀድሞው መጽሐፍ ነው የተማረው። የ2015 ተፈታኝም ቢያንስ አሥራ አንዱን ዓመት በቀድሞው ተምሯል። የ2017ቱ እንኳ ስምንተኛ ክፍልን ሲጨርስ አዲሱ መጽሐፍ ገና ክፍሉ አልገባም ነበር። ጸሐፊው የጠሩት ምስክር የሚመሰክረው «ይመለስልን» ባሉት በቀድሞው ላይ ነው።

ፈተናውም ራሱ ያው ፈተና አይደለም። ከ2014ቱ ተፈታኞች ጀምሮ ልጆቹ ከትምህርት ቤታቸው ርቀው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብተው ነው የሚፈተኑት። ማለፊያውም 50 በመቶ ሆኗል። ከዚያ በፊት ኩረጃው ምን ይመስል እንደነበር መምህር ሁሉ ያውቃል። በ2008 የእንግሊዝኛው ፈተና ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ወጥቶ ሀገር አቀፍ ፈተናው መቋረጡንም አልረሳንም። በዚያ መንገድ የመጣን የድሮ ውጤት ከዛሬው ጋር አስተካክሎ «ወደቅን» ማለት አይቻልም። የወደቅነው ቀደም ብለን ነው፤ ያየነው ግን አሁን ነው።

ምን ያህል ቀደም ብለን? በ2002 ዓ.ም. በተለያዩ ክልሎች የታችኛው ክፍል ልጆች ንባብ ተመዝኖ ነበር። ከሁለተኛ ክፍል ልጆች ሲሶ ያህሉ ከቀረበላቸው አጭር ታሪክ ውስጥ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። ያውም በሚማሩበት በራሳቸው ቋንቋ። የዓለም ባንክም ከኢትዮጵያ ልጆች 90 በመቶ ያህሉ አሥር ዓመት ሲሞላቸው ቀላል ጽሑፍ አንብበው አይረዱም ብሏል። ሁለተኛ ክፍል ማንበብ ያልጀመረ ልጅ ዘጠነኛ ክፍል የእኔ ክፍል ውስጥ ሲቀመጥ፣ ችግሩን ከፊቱ ያለው የሒሳብ መጽሐፍ አላመጣውም።

እዚህ ላይ ለጸሐፊው አንድ ነገር ልስጣቸው። ይህ ሁሉ አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ጥሩ ነው ማለት አይደለም። ውጤቱ ከ3.2 ወደ 8.4 በመቶ ከፍ ማለቱን «የአዲሱ ፍሬ ነው» የሚል ሰው ቢመጣም በዚሁ ምክንያት አልቀበለውም። ፍሬው በ12ኛ ክፍል ፈተና ይታይ ከተባለ ጊዜው ገና ነው።

ቀጥሎ የድሮው ነገር አለ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ከጸሐፊው ጋር እንደሚስማማ አውቃለሁ። አባቶቻችን በስምንተኛ ክፍል እንግሊዝኛ ደብዳቤ ይጽፉ ነበር። መምህር መንገድ ላይ ሲያልፍ ሰው ከመቀመጫው ይነሳ ነበር። ደመወዙም ቤተሰብ ያስተዳድር ነበር። የመምህሩን ክብር በተመለከተ ጸሐፊው እውነታቸውን ነው፤ እሱን ብንመልስ እኔም የመጀመሪያው ተጠቃሚ ነኝ።

ግን ያኔ ትምህርት ቤት የሚገባው ማን ነበር? በ1966 አብዮቱ ሲፈነዳ ከመቶ ሰው ከዘጠና የሚበልጠው ማንበብና መጻፍ አይችልም ነበር። በ1986 የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲው ሲወጣ እንኳ በመላ ሀገሪቱ አንደኛ ደረጃ የሚማሩት ልጆች ወደ ሦስት ሚሊዮን ነበሩ። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ሃያ ሚሊዮን ገደማ ደርሰዋል። የድሮው ትምህርት ቤት ጥቂቶችን ተቀብሎ፣ ከነሱም በፈተና እያጣራ ጥቂቱን ነበር የሚያስቀረው። እኛ ዛሬ የምናስታውሰው የተጣራውን ነው። እረኛ ሆኖ የቀረውን አላስተማርነውም፤ ስለዚህ በእንግሊዝኛው አልተገመገመም።

በዚያ ዘመን የነበሩ ሰዎችም በትምህርታቸው አልረኩም። በ1964 የንጉሡ መንግሥት ራሱ «ኤዱኬሽን ሴክተር ሪቪው» የተባለ ትልቅ ግምገማ አስጠንቷል። ግምገማው ትምህርቱ ለጥቂቶች ብቻ የሚደርስ፣ ከአብዛኛው ሕዝብ ኑሮም የራቀ ሆኖ አገኘው። ደርግም ከ1975 ጀምሮ አጠቃላይ ትምህርቱን ለሦስት ዓመት ያህል አስመርምሮ የጥራት ጉድለት እንዳለበት ተነግሮታል። ጸሐፊው «እንመለስ» የሚሉበት ቦታ ላይ የነበሩት ሰዎች ከዚያ ለመውጣት መንገድ እየፈለጉ ነበር።

የሴክተር ሪቪው መጨረሻም መታወስ አለበት። ሰነዱ ተጠናቆ ከአንድ ዓመት በላይ ለሕዝብ ሳይገለጥ ቆየ። ይዘቱ ሲሰማ «የድሃ ልጅ አራት ዓመት ተምሮ ወደ እርሻው ሊመለስ ነው» ተባለ። መምህራንም ስለ ደመወዛቸው ሠጉ። በየካቲት 1966 ሥራ አቆሙ። መንግሥት እቅዱን ለማንሳት ተገደደ፤ ነገሩም በዚያ አልቆመም። በውስጡ መልካም ሐሳብ አልነበረም አልልም። ያዘጋጁት ሰዎች ለመምህሩና ለወላጁ ስላላሳዩት ግን ማንም ሊያምናቸው አልቻለም።

ወደ ቋንቋው ልምጣ። እኔን በጣም ያሳሰበኝ የጽሑፉ ክፍል ይህ ነው፤ ብዙ ወላጅ የሚያምነውም ይህንኑ ነው።

ልጆቻችን እንግሊዝኛ አይችሉም የሚለው ትክክል ነው። መካድ አይቻልም። ዘጠነኛ ክፍል ሲገቡ መጽሐፉ በሙሉ እንግሊዝኛ ይሆንባቸዋል። ብዙዎቹ የሚሸመድዱት የማይገባቸውን ነው። ምክንያቱ ግን በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው መማራቸው ነው የሚለው አያስኬድም። እንግሊዝኛ እኮ ከ1986ቱ ፖሊሲ ወዲህ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ ትምህርት ይሰጣል። ስምንት ዓመት ሙሉ በየሳምንቱ ተምሮት ያልያዘው ልጅ፣ ሳይንሱም ሒሳቡም በዚያው ባልያዘው ቋንቋ ቢሰጠው ሦስቱንም ያጣል።

ይህን መላምት ነው የምትሉኝ ካላችሁ፣ ሀገራችን ሳታውቀው ሙከራውን ሠርታዋለች። ክልሎች ወደ እንግሊዝኛ የሚሻገሩበት ክፍል ይለያያል። ኦሮሚያ፣ ትግራይና ሶማሌ እስከ ስምንተኛ በአፍ መፍቻ ቋንቋ ሲያስተምሩ ቆይተዋል። አማራ ክልል ሒሳብና ሳይንስን ከሰባተኛ ጀምሮ በእንግሊዝኛ አድርጓል። በቀድሞው ደቡብ ክልል በብዙ ቦታ ከአምስተኛ ጀምሮ ነበር። የጸሐፊው ሐሳብ ትክክል ቢሆን ቀድመው የተሻገሩት በልጠው በተገኙ ነበር። በ1999 ለትምህርት ሚኒስቴር የቀረበ ሰፊ የመማሪያ ቋንቋ ጥናት ያገኘው ግን የዚህን ተቃራኒ ነው። በራሳቸው ቋንቋ ረዘም ላለ ጊዜ የተማሩት ልጆች ስምንተኛ ክፍል ላይ በሒሳብና በሳይንስ የተሻሉ ነበሩ።

ከራሴ ክፍል ልጨምር። ቦርድ ላይ አንድ የቅናሽ ጥያቄ በእንግሊዝኛ እጽፋለሁ። አንድ ነጋዴ ዕቃውን 20 በመቶ ቀንሶ ሸጠው፣ ስንት ሸጠው የሚል። ክፍሉ ጭጭ ይላል። ያንኑ ጥያቄ በአማርኛ ስደግመው ከኋላ ወንበር መልሱ ይመጣል። ከትምህርት በኋላ የእናቱ ሱቅ የሚቀመጥ ልጅ ቅናሽ ማስላት አይከብደውም። የከበደው ጥያቄውን ማንበብ ነው። ታዲያ ይህን ልጅ ከሰባት ዓመቱ ጀምሮ ዝም እናሰኘው?

ጸሐፊው የግል ትምህርት ቤት ልጆችን ይጠቅሳሉ። እውነት ነው፣ ብዙዎቹ እንግሊዝኛ ይናገራሉ። ነገር ግን የሚከፍል ወላጅ፣ የሚያስጠና ሰው፣ ቤት ውስጥ የልጆች ፊልም፣ አነስ ያለ ክፍል አላቸው። ይህን ሁሉ ትተን ቋንቋውን ብቻ ወስደን ስልሳና ሰባ ልጅ የታጨቀበት የገጠር ክፍል ውስጥ ብንተክለው ያው ውጤት አይመጣም። መምህሩ ራሱ በእንግሊዝኛ ለማስተማር አልሠለጠነም። ጠንካራ የእንግሊዝኛ መምህር፣ የሚነበብ የታሪክ መጽሐፍና ከዘጠነኛ ክፍል በፊት ልጁን የሚያሸጋግር ዝግጅት ይኑር ቢሉ እኔም እፈርምላቸው ነበር።

በነገራችን ላይ፣ በአፍ መፍቻ ቋንቋ ማስተማር የ1986 ፈጠራ ብቻ ተደርጎ ቀርቧል። በ1971 የተጀመረው የደርግ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 ቋንቋዎች ነበር የተካሄደው። ጸሐፊው የሚናፍቁት ዘመንም ሰውን ፊደል ለማስቆጠር ሲነሳ ወደ ሰዉ ቋንቋ ነው የሄደው።

ትምህርት በዝቷል ስለሚለው ረዥም መልስ የለኝም፤ በከፊል እስማማለሁ። ዘጠነኛና አሥረኛ ክፍል ላይ በርግጥ ከብዷል። ኢኮኖሚክስን ጨምሮ የትምህርቱ ዓይነት ብዙ ነው፤ ልጆቹ ይደክማሉ። የሙያ ትምህርቱም ዎርክሾፕ በሌለበት ትምህርት ቤት ከቦርድ የሚገለበጥ ኖት ሆኗል። ይህ መታየት አለበት። ነገር ግን «በሁሉም ክፍል በዝቷል» መባሉ ልክ አይደለም። ሰባተኛና ስምንተኛ ላይ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ ተዋሕደው ጠቅላላ ሳይንስ ሆነዋል፤ ሦስት መጽሐፍ አንድ ሆኗል።

ሥዕልና ስፖርት ቢወጡ ሒሳብ ይሻሻላል የሚለውም አያሳምነኝም። በሳምንት አንድ ሁለት ክፍለ ጊዜ ነው የሚተርፈን። የልጆቹን ጊዜ የሚበላው ፈረቃ ነው። በፈረቃ የሚማር ልጅ ትምህርት ቤት የሚውለው ግማሽ ቀን ነው፤ እሱንም በየ40 ደቂቃው ተቆራርጦ። ለሒሳብ ጊዜ እንፈልግ ከተባለ ተጨማሪ ክፍል ሠርቶ ፈረቃን ማስቀረት ይሻላል። ደግሞስ ለተፈጥሮ ሳይንስ ቅድሚያ ሰጥተን አላየነውም? ከ2001 ጀምሮ ዩኒቨርሲቲዎች ከመቶ ሰባውን ተማሪ በሳይንስና ቴክኖሎጂ እንዲቀበሉ ተደርጎ ነበር። የ12ኛ ክፍል ሒሳብ በዚያ ምክንያት ሲሻሻል አላየሁም። ሰባዎቹን የሚሞላ ልጅ ከታች ተዘጋጅቶ አልመጣምና።

የቀረው ፊንላንድ ነው። ጸሐፊው ፊንላንድን ያደነቁት በደንብ አውቀውት ይመስለኛል። ግን ያደነቁት ሰነዱን ነው፤ እኔ የምቀናው ከሰነዱ ጀርባ ባለው ነገር ነው። እዚያ አንደኛ ክፍል የሚያስተምር ሰው ማስተርስ ዲግሪ አለው። ተማሪ ሁሉ ከ1948 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በትምህርት ቤት ምሳ በነፃ ይበላል። ሀገር አቀፉ ሰነድ ማዕቀፉን ብቻ ነው የሚሰጠው፤ ዝርዝሩን ከተሞችና መምህራን ይሠሩታል። ሰነዱንም በ1994፣ በ2004 እና በ2014 እ.ኤ.አ. አሻሽለውታል። አሥር ዓመት እየጠበቁ ማለት ነው። እኛ ዘንድ ትምህርት ሚኒስቴር ራሱ ከትምህርት ቤቶቻችን ከ80 በመቶ በላይ የሚሆኑት ከደረጃ በታች መሆናቸውን ተናግሯል። ሰነዱን ብቻ ብናመጣው ማን ነው የሚያስተምረው?

ከውጭ ያለቀለት ነገር ማምጣትን ደግሞ ሞክረነዋል። ፕላዝማን የማያስታውስ ማን አለ? በ1997 የሁለተኛ ደረጃ ክፍሎች ደቡብ አፍሪካ በተዘጋጀ የቴሌቪዥን ትምህርት ተሞሉ። ከ40 ደቂቃው አብዛኛውን የሚወስደው ቴሌቪዥኑ ነው። መምህሩ ትንሽ መግቢያና ትንሽ ማጠቃለያ ተሰጠው። በመሐል ልጅ እጁን ቢያወጣ ፕላዝማው አይቆምለትም። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ትምህርቱ አብሮ ጠፋ። ያስተማሩት ሰዎች ጎበዞች ነበሩ፤ ምስሉም ያምር ነበር። ፊት ለፊቱ የተቀመጠውን ልጅ ግን አያውቁትም ነበር። በዚያ ዘመን የነበሩ የሥራ ባልደረቦቼ ዛሬም ሲያነሱት ይከፋቸዋል፤ ክፍላቸው ውስጥ እንግዳ ሆነው ነበርና።

ከሩቅ ይልቅ ጎረቤት ማየት ይጠቅመን ይሆናል። ኬንያ ከ1985 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሠራችበትን 8-4-4 (ስምንት ዓመት አንደኛ ደረጃ፣ አራት ዓመት ሁለተኛ ደረጃ፣ አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ) ትታ ከ2017 እ.ኤ.አ. ወዲህ ወደ አዲስ ሥርዓት ገባች። ወላጁ ተማረረ። ወጪው በዛ፣ የትምህርቱ ዓይነት በዛ፣ ይሰረዝ አለ። በ2022 እ.ኤ.አ. ምርጫ ማግስት መንግሥት አንድ የገምጋሚ ቡድን አቋቁሞ በየአካባቢው ሕዝብ አዳመጠ። ሥርዓቱ አልተሰረዘም። የትምህርቱ ዓይነት ተቀነሰ። ከሰባተኛ እስከ ዘጠነኛ ያሉት ልጆችም እዚያው ለቤታቸው በሚቀርበው አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንዲማሩ ተደረገ። ቅሬታው ዛሬም አለ። ቢሆንም ትምህርቱን የጀመረው ልጅ መሐል መንገድ ላይ አልተጣለም።

ከጸሐፊው ጽሑፍ ውስጥ እኔን የነካኝ ክፍል መጽሐፍ ስለሌላቸው ልጆች የጻፉት ነው። አዲሱ ትምህርት ሲጀመር መጽሐፉ አልደረሰም ነበር። በቴሌግራም በሚዞር ፒዲኤፍ ነው ያስተማርነው። ስልክ ያለው ልጅ አነበበ፤ የሌለው ከጓደኛው ትከሻ ላይ ተንጠራራ። አቅም ያላት እናት ፕሪንት አስደረገች። ይህ ጥፋት ነው፤ የሚያስቆጣም ነው። ነገር ግን የሕትመትና የሥርጭት ጥፋት ነው። ሌላ ሥርዓተ ትምህርት ብናመጣ ሌላ መጽሐፍ ማሳተም ይኖርብናል፤ ልጆቹም ያንኑ ዓመት እንደገና ያለ መጽሐፍ ይጀምሩታል።

ስለዚህ እኔም ይገመገም ባይ ነኝ። በ2015 በአዲሱ መጽሐፍ አንደኛ ክፍል የጀመሩት ልጆች ስድስተኛ ክፍል የሚደርሱት በ2020፣ 12ኛ ክፍል የሚደርሱት በ2026 ነው። እስከዚያ እጃችንን አጣጥፈን እንቀመጥ አልልም። ሁለተኛና ሦስተኛ ክፍል ያሉት ልጆች ማንበብ መቻላቸው አሁኑኑ ይመዘን፤ ውጤቱም በየወረዳው ይለጠፍ። በየትምህርት ቤቱ ስንት መጽሐፍ ለስንት ልጅ እንደደረሰ ይነገር። የዘጠነኛና የአሥረኛ ክፍል ጫና ይቀነስ። ከምንም በላይ ግን መምህሩ ይጠየቅ። የትኛው ምዕራፍ ለልጆቹ ከበደ? የትኛው ሳይነካ ሰኔ ይደርሳል? የትኛው መልመጃ የሌለንን ቤተ ሙከራ ይጠይቃል? እኔ ለማስተምረው ለሒሳቡ ይህን ዝርዝር ጽፌ ይዣለሁ። እስካሁን የጠየቀኝ የለም። ጸሐፊው ለሁለተኛ ጽሑፋቸው ቢፈልጉት ግን በደስታ እሰጣቸዋለሁ።